ጅምላ ጥፋት የሚያጠኑ ሰዎች ዳይኖሰር እያለ ለምን ዛጎል ላይ ይጠመዳሉ?

አባይ_ማዶ፦ ሰላም ቤቶች፣ ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን ስትሄዱ አባይ በረሃ ውስጥ ያለው የኖራ ድንጋይ ዛጎል እንዳለበት ታውቃላችሁ፣ አገሩ ድሮ ባሕር ነበር፣ እሱ ገብቶኛል። ያልገባኝ ስለ ጅምላ ጥፋት፣ ማለትም ብዙ ዝርያ ባንዴ ከምድር ስለጠፋበት ጊዜ፣ ባነበብኩ ቁጥር ማስረጃው የባሕር ቀንድ አውጣና ባለሁለት ክዳን ዛጎል መሆኑ ነው። ለምን?

ሮቤል፦ ብዛቱ ነዋ። ስንት የዳይኖሰር ዝርያ አለ በአንድ ጎዶሎ አፅም ብቻ የሚታወቅ፣ ዛጎል ግን ጠንካራ ነው፣ እንስሳው የሚኖረውም ደለል ላይ ስለሆነ እዛው ይቀበራል፣ በሺህ የሚቆጠር ታገኛለህ። ደግሞ ዘመዶቹ ዛሬም ባሕር ውስጥ ስላሉ ምን እንደሚበላና የት እንደሚኖር ሄደህ ማየት ትችላለህ።

የድንጋይ_ልጅ፦ ሮቤል ልክ ነው ግን ዋናው ነገር የተገኘው ውጤት ነው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ጃብሎንስኪ እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣውን ጥናት ፈልጉት። አሜሪካ ውስጥ በገልፍ (የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ) እና በአትላንቲክ ዳርቻ ያሉትን የክሪቴሺየስ (የዳይኖሰሮች የመጨረሻ ዘመን) መጨረሻ ዛጎሎች ሲያይ፣ በደህናው ጊዜ እጩ (ማለትም ገና የተፈለፈለው ግልገሉ) ውሃ ላይ እየተንሳፈፈ ሩቅ የሚሄድ ዝርያ ረጅም ዕድሜ አለው፣ ብዙ ዝርያ ያለው ጂነስም (የተቀራረቡ ዝርያዎች ስብስብ) ቶሎ አይጠፋም። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት አስትሮይዱ፣ ዳይኖሰሮችን ያጠፋው ከሕዋ የመጣ ግዙፍ ድንጋይ፣ ምድርን ሲመታ ግን ይሄ ሁሉ ጥቅም አልሰጠም! ያተረፈው ጂነሱ በጠቅላላው በብዙ የባሕር ክልል ተሰራጭቶ መገኘቱ ነው፣ እያንዳንዱ ዝርያ ጠባብ ቦታ ላይ ቢኖርም። ማለትም ጅምላ ጥፋት የተለመደው መጥፋት በርትቶ የመጣ ብቻ አይደለም፣ መምረጫው ራሱ ይቀየራል። እኔ በዚህ ሳይንስ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥብኝ ግኝት የለም።

ሄለን_ባ፦ ቆይ፣ የሞተ ቀንድ አውጣ እጩ ይንሳፈፍ አይንሳፈፍ በምን ይታወቃል?

የድንጋይ_ልጅ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። የቀንድ አውጣው ጫፍ ላይ ያሉት የመጀመሪያ ጥምዝምዞች እጭ እያለ የሠራቸው ናቸው፣ ጫፉ ካልተሰበረ በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። ከትልቅ እንቁላል የወጣና ስንቅ ይዞ የተወለደው ጅማሬው ወፍራም ነው፣ ውሃ ላይ እየበላ ያደገው ደግሞ ትንሽ ጀምሮ ብዙ ጊዜ ይጠመዘዛል። ዛሬ በሕይወት ካሉት ጋር እያስተያዩ ነው የሚለዩት።

ሮቤል፦ ከጥፋቱ በኋላ ማገገሙም እንደ ቦታው ይለያያል፣ አሜሪካ ገልፍ ዳርቻ አንዳንድ የዛጎል ወገኖች ድንገት በዝተው ከዛ ሲመናመኑ ሰሜን አፍሪካና አውሮፓ ላይ እንደዛ አልታየም። ስለዚህ የአንድን አገር ድንጋይ አይቶ ዓለም እንዲህ ሆነ ማለት አይቻልም።

አባይ_ማዶ፦ በጣም አመሰግናለሁ። የኛ የአባይ በረሃውስ ያንን ጥፋት ያሳያል?

የድንጋይ_ልጅ፦ አያሳይም፣ እዛ ያለው የአንታሎ ኖራ ድንጋይ የሚባለው ነው፣ ከክሪቴሺየስ በፊት የነበረው የጁራሲክ ዘመን ነው፣ አስትሮይዱ ከመውደቁ በብዙ አስር ሚሊዮን ዓመት ይቀድማል። ግን ከጥፋቱ በፊት እነማን እንደነበሩና እስከ የት እንደተሰራጩ የሚነግረን እንደሱ ያለ ድንጋይ ስለሆነ እባካችሁ ስታልፉ በመዶሻ አትፈልፍሉት፣ ፎቶ አንስታችሁ ቦታውን መዝግቡ።