ከ300 ዶላር በታች ለሱቅ የሚሆን ሽጉጥ፦ ርካሾቹን የያዛችሁ ምን ትላላችሁ?

ጥያቄ፦ ባለግሮሰሪው (ጋርላንድ፣ ቴክሳስ)

ሰላም ለሁላችሁም። ጋርላንድ ውስጥ ከባለቤቴ ጋር ትንሽ ግሮሰሪ አለችን፤ እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት ናት። ሰሞኑን በሰፈራችን ሱቆች እየተዘረፉ ነው። አንዱ የአገራችን ልጅ በሽጉጥ እጀታ ግንባሩን ተፈንክቶ ሆስፒታል ገብቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ወይ መሣሪያ ግዛ ወይ በጊዜ እንዝጋ ትለኛለች።

ሁለታችንም ግሪን ካርድ አለን። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉን። በሕይወቴ መሣሪያ ይዤ አላውቅም። ለዚህ ጉዳይ ማውጣት የምችለው 300 ዶላር አካባቢ ነው። መደብር ሄጄ ሃይ ፖይንት ሲ9 በ200 ገደማ፣ ታውረስ ጂ3ሲ በ270፣ ያገለገለ ግሎክ 19 ደግሞ በ380 አሳዩኝ። ሻጩ ርካሾቹን እንዳየሁ ፊቱን አጨማደደ፤ ምክንያቱን ግን በደንብ አላስረዳኝም። ርካሾቹን የያዛችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። በሚፈለጉበት ሰዓት ይተኩሳሉ ወይስ ይነክሳሉ (ጥይት ይቀረቀርባቸዋል)? ገንዘባቸውንስ ያወጣሉ?

መልስ፦ የኦሃዮው (ኮሎምበስ)

ወንድሜ፣ እኔ ሃይ ፖይንት ሲ9 ነው ያለኝ፤ የሚሠራውም እዚሁ ኦሃዮ፣ ማንስፊልድ ከተማ ነው። ሬንጅ (የተኩስ መለማመጃ) ላይ ሳወጣው የሚስቅ አይጠፋም። ወፍራም ነው፣ ባዶውን 820 ግራም ያህል ይመዝናል፣ ካዝናው የሚይዘውም 8 ፍሬ ብቻ ነው። ነገር ግን ይተኩሳል። ብዙ ሳጥን ጥይት አሳልፌበታለሁ፣ ቅሬታ የለኝም። የዕድሜ ልክ ዋስትናም አለው። ከሁለተኛ እጅ ብትገዛውም ዋስትናው አብሮ ይተላለፋል፤ በዚህ ዋጋ እንዲህ ያለ ነገር ሌላ ቦታ አላየሁም።

መፍታቱ ግን አድካሚ ነው። ግሎክ በጣት ብቻ ሲፈታ፣ ይሄኛው ፒኑን በመምቻ ብረትና በመዶሻ እየመቱ ማስወጣት ይፈልጋል። ወገብ ላይ ይዞ ለመዋልም አይመችም። አንተ ከባንኮኒ ሥር ቆልፈህ የምታስቀምጠው ከሆነ ግን ክብደቱ አያስቸግርህም፤ እንዲያውም ሲተኮስ ርግጫውን ይቀንስልሃል።

መልስ፦ መቶ አለቃው (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ልጄ፣ አገር ቤት ሳገለግል የታጠቅሁት ማካሮቭ ነበር፤ እሱን ለሚያውቅ ሰው ሃይ ፖይንት እንግዳ አይሆንበትም። የሁለቱም አሠራር አንድ ነው። አፈሙዙ ከስላይዱ (ሲተኮስ ወደኋላ ከሚንሸራተተው የላይኛው ክፍል) ጋር አይቆለፍም፤ ጥይቱ ከአፈሙዝ እስኪወጣ ድረስ ግፊቱን የሚችለው የስላይዱ ክብደትና የስፕሪንጉ ጉልበት ብቻ ነው። የማካሮቭ ጥይት 9 በ18 ሚሊ ሜትር ነው፤ ደከም ያለ ስለሆነ ትንሽ ስላይድ ይበቃዋል። ሃይ ፖይንት የሚተኩሰው ጠንከር ያለውን 9 በ19 ነው። ስለዚህ ስላይዱን ማወፈር ግድ ሆነባቸው፤ ዋጋው እንዳይንር ደግሞ በብረት ፋንታ ቀልጦ በቅርጽ የሚፈስ የዚንክ ቅይጥ ተጠቀሙ። አፈሙዙ ብረት ነው። መልኩ ቢያስጠላም አሠራሩ የታሰበበት ነው፤ መሣሪያን በመልኩ አልመዝንም።

ከዚህ ጋር ግን ሌሎቹን የዚንክ ሽጉጦች እንዳታምታታ። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1970ዎቹ እስከ 1990ዎቹ በሎስ አንጀለስ ዙሪያ ሬቨን፣ ጄኒንግስ፣ ብራይኮ፣ ሎርሲን የሚባሉ የኪስ ሽጉጦች በብዛት ይሠሩ ነበር። ዛሬም ከሰው እጅ በ80 በ100 ዶላር ይሸጣሉ። በ1994 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ የብራይኮ ሽጉጥ ጥይቱን ሊያወጡለት ሲሞክሩ ባርቆ የ7 ዓመት ሕፃን አንገቱን መታው፤ ልጁ ሽባ ሆኖ ቀረ። የሽጉጡ አሠራር ጥይት ለማውጣት መጠበቂያውን መክፈት የሚያስገድድ ነበር። በ2003 ዳኞች ኩባንያውን ጭምር ጥፋተኛ አድርገው በሚሊዮኖች የሚቆጠር ካሳ ሲፈርዱ ኩባንያው ኪሳራ አወጀ። እንደዚህ ያለውን በነፃ ቢሰጡህ እንኳ ቤትህ አታስገባው።

መልስ፦ ሹፌሩ (አትላንታ)

ጋሼ መቶ አለቃ፣ ዕድሜ ይስጥልን፤ እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም።

እኔ የያዝኩት ታውረስ ጂ3ሲ ነው። ካዝናው 12 ፍሬ ይይዛል፤ እኔ ስገዛው ሦስት ካዝና አብሮት ነበር። የሦስት ካዝና ዋጋ ቀላል እንዳይመስልህ፤ ለሌሎች ሽጉጦች አንዱን ካዝና በ30 በ40 ዶላር ነው የምትገዛው። አንድ የምወድለት ነገር፣ ጥይት ቢከሽፍ ምላጩን ደግመህ ስትስብ ያንኑ ጥይት እንደገና ይመታዋል። ግሎክ ይሄ የለውም። እውነቱን ለመናገር ግን የከሸፈን ጥይት አቀባብሎ መጣል መልመድ ይሻላል፤ ለሁሉም መሣሪያ ይሠራል።

የታውረስን ስም ስትጠይቅ የምትሰማው ወሬ መሠረት አለው። የቀድሞዎቹ ሞዴሎች፣ ፒቲ-111 ሚሌኒየምና ፒቲ-24/7ን ጨምሮ ዘጠኝ ዓይነት፣ ሲወድቁ ይባርቃሉ ተብሎ ተከሰው ኩባንያው በ2015 ለመስማማት ተገደደ። ስምምነቱ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ሽጉጦችን ይመለከት ነበር። ጂ3ሲ የወጣው በ2020 ስለሆነ በዚያ ውስጥ የለበትም። ስለዚህ ያገለገለ ታውረስ ስትገዛ ሞዴሉን አጣራ፤ ታውረስ ስለሆነ ብቻ አትሽሽ፣ ርካሽ ስለሆነ ብቻም አታንሳ።

መልስ፦ የጥበቃ ሠራተኛው (ሂውስተን)

እኔ በዚህ አልስማማም። 80 ዶላር ጨምርና ያገለገለውን ግሎክ 19 ውሰድ። ፖሊሶች መሣሪያ ሲቀይሩ አሮጌዎቹን ለነጋዴ ይመልሳሉ፤ ብዙዎቹ የሽጉጥ ማኅደር ውስጥ ሲገቡና ሲወጡ ውጫቸው ተፋቀ እንጂ ብዙ አልተተኮሰባቸውም። መለዋወጫው በየመደብሩ አለ፤ ስትሸጠውም የከፈልከውን ያህል ሊመልስልህ ይችላል። ሃይ ፖይንት ስትሸጥ የሚሰጡህ ዋጋ ያሳዝንሃል።

380 ከበዛብህ ግሎክ 22ን ፈልግ፤ በ300 አካባቢ ይገኛል። ጥይቱ .40 ካሊበር ነው። ኤፍቢአይ በ2016 ወደ 9 ሚሊ ሜትር ግሎክ ሲመለስ ብዙ ፖሊስ ጣቢያዎችም ስለተከተሉት .40ዎቹ ገበያውን ሞሉት። ጉዳቱ ጥይቱ ከ9 ሚሊ ይወደዳል፣ ርግጫውም ይጠነክራል። አንድ ምክር ልጨምር፦ የሌሊት ማነጣጠሪያ አለው ብለው ዋጋ ቢጨምሩብህ መብራት አጥፍተህ እየው። የሚያበራው ትሪቲየም በ12 ዓመት ገደማ በግማሽ ይደክማል፤ አሮጌዎቹ ላይ ጠፍቶ ነው የምታገኘው።

መልስ፦ ሰብለ ነርሷ (ዲኬተር፣ ጆርጂያ)

ሁላችሁም ስለ ብረቱ አወራችሁ። ሱቁ ውስጥ ሚስቱም ትሠራለች አይደል? ወንድሜ፣ ባለቤትህን ይዘሃት ሂድ። ሃይ ፖይንትን ማቀባበል ጉልበት ይጠይቃል፤ ጋሼ መቶ አለቃ እንዳሉት ግፊቱን የሚችለው ስላይዱና ስፕሪንጉ ነውና ከባድ ነው። እሷ ማቀባበል ካልቻለች አንተ በሌለህበት ለእሷ ምኗም አይደለም። ብዙ ሬንጅ መሣሪያ ያከራያል፤ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለታችሁም ተኩሱ። ደግሞ አንድ ነጋዴ ለሴት ትንሽ ሽጉጥ ይሻላታል ብሎ የኪስ ሽጉጥ እንዳይሸጥላችሁ። ትንሹ ቀላል ስለሆነ ይበልጥ ይራገጣል፣ ለጀማሪ ዒላማ መምታቱም ይከብዳል።

300 ዶላሩን ሁሉ ሽጉጡ ላይ አታውለው። 9 ሚሊ የልምምድ ጥይት 50 ፍሬው 15 ዶላር ገደማ ነው። አዲስ መሣሪያ ቢያንስ 200 ጥይት ሳይተኮስበት ልትተማመንበት አይገባም፤ ያ ብቻ 60 ዶላር ነው። ለመከላከያ የምታስቀምጠው ሆሎው ፖይንት ጥይት አፍንጫው ክፍት ስለሆነ፣ የልምምዱን ያለችግር የጎረሰ ሽጉጥ እሱን ሊነክስ ይችላል፤ አንድ ሳጥን እሱንም ሞክሩት። የጆሮና የዓይን መከላከያም አለ። ለእኔ 200 ዶላር ወጥቶበት 100 ዶላር ልምምድ የተሠራበት ሽጉጥ፣ 300 ወጥቶበት አንዴም ካልተተኮሰበት ይበልጣል።

ስለ ልጆቹ ደግሞ በእናትነቴ ልናገር። ድንገተኛ ክፍል ስለምሠራ የማየውን አያለሁ። በቴክሳስ ሕግ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ የጎረሰ መሣሪያ እጁ እንዲገባ ማድረግ ወንጀል ነው፤ ሕግ ባይኖርም የልጅ ነገር ነው። ትራስ ሥር፣ ቁም ሣጥን አናት ላይ፣ ባንኮኒ ሥር ክፍት መሳቢያ ውስጥ አይሆንም። የቁልፍ ወይም የቁጥር ሣጥን ግዛ። የጣት አሻራ የሚያነበውን በርካሽ ስታይ ተጠንቀቅ፤ በ2023 ፎርትረስ የሚባለው ድርጅት 61,000 የሚያህሉ የአሻራ ሣጥኖቹን ሰብስቧል፤ ያልተመዘገበ ጣት ይከፍታቸው ነበር፣ የ12 ዓመት ልጅም ሕይወቱ አልፎበታል። ሱቁን ስትዘጉ ሽጉጡን እዚያ ትታችሁ አትሂዱ፤ ሌባ ገብቶ ይዞት ይወጣል።

መልስ፦ ደረጀ ዘዴንቨር

ለምን ሾትገን አላሰብክም? እኔ መጀመሪያ ከውጭ የገባ ርካሽ ሾትገን ገዝቼ ነበር፤ ስሙን አልጠቅስም። ቀለህ ማውጫው ተሰበረ፣ መለዋወጫ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። አሁን ማቬሪክ 88 ነው ያለኝ። የሞስበርግ ቤተሰብ ነው፤ ከሞስበርግ 500 ጋር አፈሙዙንና ብዙ ዕቃውን ይጋራል፣ ስለዚህ መለዋወጫ አይጠፋም። ዋጋው 250 ዶላር አካባቢ ነው። እየጎተቱ የሚያቀባብሉት ስለሆነ በጥይቱ ጉልበት ላይ አይመካም።

ሰብለ፦ ደሬ፣ ለቤት እስማማለሁ። ጠባብ ባንኮኒ ኋላ ግን ያን የሚያህል ረጅም ብረት ማዞር ይቸግራል፤ ደንበኛም ያያል። አፈሙዙን ቆርጦ ማሳጠር ደግሞ እንዳይታሰብ፤ ያለ ፌዴራል ምዝገባ ከ18 ኢንች ሲያንስ የፌዴራል ወንጀል ነው።

መልስ፦ ወረቀት አንባቢው (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ መግዛት ይችላል፤ ከነጋዴ ሽጉጥ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት አለበት። በቱሪስት፣ በተማሪ ወይም በሥራ ቪዛ ያላችሁ ግን ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር መግዛት ይቅርና መያዝም ተከልክሏል። ጥገኝነት ጠይቃችሁ የምትጠባበቁ፣ ሬንጅ ላይ እንኳ ከመተኮሳችሁ በፊት ጠበቃችሁን አማክሩ፤ ለአንድ ቀን ልምምድ ብሎ ጉዳይን ማበላሸት ያሳዝናል።

ነጋዴው ቅጽ 4473 የሚባለውን የፌዴራል የግዢ ቅጽ ያስሞላሃል። እዚያ ላይ ማሪዋና ወይም ሌላ የተከለከለ ዕፅ ተጠቃሚ ነህ ወይ ይላል። ወገኖቼ፣ ጫትም በዚህ ውስጥ ይገባል፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ አንደኛው መደብ ላይ የተዘረዘረ ዕፅ ነው። የሚቅም ሰው የለም ብሎ ቢፈርም በሐሰት መፈረም ነው፤ አዎ ካለ አይሸጥለትም። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፣ ቅዳሜ ቅሞ ሰኞ ይፈርማል። የሚቅም ካለ መሣሪያውን ይተወው፤ ሌላ መንገድ የለም።

ባለግሮሰሪው፣ የሱቁን የኪራይ ውልም አንብበው፤ አንዳንድ አከራይ መሣሪያ የሚከለክል አንቀጽ ያስገባል።

ጠያቂው፦ ባለግሮሰሪው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቅኩም። ጋሼ መቶ አለቃ፣ እርስዎን በተለይ አመሰግናለሁ። ከባለቤቴ ጋር ሬንጅ ሄደን ሦስቱንም ተከራይተን ተኮስን። ሃይ ፖይንቱን ማቀባበል አቅቷታል። ግሎኩና ታውረሱ ተመችተዋታል። ጂ3ሲውን ገዛንና በተረፈው ገንዘብ ጥይትና የቁጥር ሣጥን ወሰድን፤ ከበጀቱ ትንሽ አለፍን። ልምምዱን ገና ስላልጨረስን ሽጉጡ ቤት ተቆልፎበታል፣ ሱቅ አልወሰድነውም። እስከዚያ ሱቁን በጊዜ እንዘጋለን።

ጥያቄ ከሌላ አባል፦ አዲሱ (ሳንሆዜ)

ስለተነሳ ልጠይቅ። ገጠር ያለ አጎቴ ሽጉጥ ላክልኝ ይለኛል፤ ርካሹን ገዝቼ በሻንጣ ብወስድለትስ? ቪዛ ላይ ያለ የአክስቴ ልጅም እዚሁ በስሜ ግዛልኝ እያለኝ ነው።

መልስ፦ ወረቀት አንባቢው

አዲሱ፣ ሁለቱንም አታድርግ። ከአሜሪካ ለማስወጣት የመንግሥት የኤክስፖርት ፈቃድ ያስፈልግሃል፤ ኢትዮጵያ ደግሞ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ ማስገባትን በወንጀል ትቀጣለች። ቦሌ ላይ ስትያዝ አጎትህ አያድንህም። የአክስትህን ልጅ በተመለከተ፣ ቅጽ 4473 ትክክለኛው ገዢ አንተ ነህ ወይ ብሎ ይጠይቅሃል። መሣሪያ መያዝ ለተከለከለ ሰው ብሎ መግዛት በ2022 በወጣው ሕግ እስከ 15 ዓመት ያሳስራል፤ ልጁም በቪዛ ላይ ሆኖ መሣሪያ ቢገኝበት አገር ሊያስለቅቀው ይችላል። ጭንቀቱ ምን እንደሆነ ጠይቀው። ለቤቱ ደህንነት ከሆነ ጠንካራ የበር ቁልፍና ካሜራ ግዛለት፤ ያንን ያለ ሥጋት ታደርግለታለህ።