የፕሮስቴት ካንሰር አጥንት ላይ የሚበረታው ስለምንድን ነው?

የአዘዞው ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። አባቴ እዚህ ጎንደር ዕድሜያቸውን በግንበኝነት ያሳለፉ ሰው ናቸው። የፕሮስቴት ካንሰር እንዳለባቸው ከታወቀ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሰሞኑን ወገባቸውን ስላመማቸው ኤክስሬይ ተነሡ፤ ሐኪሙም ፊልሙን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ፣ ሁለት የአከርካሪ አጥንቶች ኖራ የተቀቡ ይመስል ነጥተው አሳየንና ሕመሙ ወደ አጥንት መሰራጨቱን ነገረን። አባቴ ግን «አጥንቱ ከጠጠረ ስለምን ይሰበራል ይሉኛል?» እያሉ ይጠይቁኛል። ካንሰሩስ አጥንትን የሚመርጠው ምን አግኝቶበት ነው?

የሕክምና ተማሪ፦
ወንድሜ፣ ለአባትህ ምሕረቱን ያውርድላቸው። እንግሊዛዊው ሐኪም ስቴፈን ፓጄት በ1889 እ.ኤ.አ. ተሰራጪ ካንሰርን ከዘር፣ የሚያርፍበትን አካል ከመሬት ጋር አመሳስሎት ነበር፤ ጭንጫ ላይ የወደቀ ጤፍ ደምቢያ ዋልካ ላይ እንደወደቀው አይሆንም። አጥንት ዕድሜ ልኩን የሚፈርስና የሚታደስ አካል ሲሆን፣ አፍራሽ ሴሎች አሮጌውን ሲሰረስሩ በውስጡ ተከማችተው የኖሩ እንደ ቲጂኤፍ-ቤታ ያሉ የእድገት ፕሮቲኖች ይለቀቃሉ፤ እነዚህም የካንሰሩን ሴሎች ለመባዛት ያነሣሣሉ። የፕሮስቴት ካንሰር በበኩሉ እንደ ኢንዶተሊን-1 ያሉ ንጥረ ነገሮችን እያመነጨ ገንቢ ሴሎችን ከልክ በላይ ያሠራቸዋል፤ እነሱ ደግሞ መልሰው አፍራሾቹን ይቀሰቅሳሉ፤ አዙሪቱም በዚሁ ይቀጥላል።

የአባትህ ጥያቄ ግን ከሁሉ የተሻለ ጥያቄ ነው። አዲሱ አጥንት በጥድፊያ ስለሚሠራ ክሮቹ የተዘበራረቁ ናቸው። ፊልሙ ላይ መንጣቱ የማዕድኑን ብዛት እንጂ ጥንካሬውን አያሳይም። ድንጋዩ በዝቷል፣ ነገር ግን ካብ እንጂ ግንብ አይደለም በላቸው።

ጡረታ የወጡ ነርስ፦
ልጄ፣ የወንድ ሆርሞንን የሚቀንሰው ሕክምና ራሱ አጥንትን እንደሚያሳሳ አትርሳ። የአፍራሽ ሴሎችን ሥራ የሚገቱ ዞሌድሮኒክ አሲድና ዴኖሱማብ የተባሉ መድኃኒቶች አሉ፤ ሐኪሙ ካዘዛቸው ግን አስቀድሞ ጥርሳቸው ይታይ፣ መንጋጋን ሊጎዱ ይችላሉና። ድንገት እግራቸው ከከዳቸው ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃታቸው ሳታሳድር ሆስፒታል አድርሳቸው፤ ነርቩ ተጭኖ ሊሆን ይችላል።

የአዘዞው ልጅ፦
እትዬ፣ ወንድሜም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የካቡን ነገር ስነግራቸው ጥቂት ዝም አሉና «ታዲያ የተለማማጅ ሥራ ነዋ» አሉኝ። ጥርሳቸውን ነገ አሳያለሁ።