በረስት ሴል ላይ የራስን ሜተድ መጨመር፦ የውስጡን ሬፈረንስ ለክሎዠር መስጠት ይቻላል?

ዝግባ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በረስት የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ፓርሰር (ጽሑፍ የሚተነትን ፕሮግራም) ውስጥ የስህተት መልእክቶች የሚጠራቀሙበት ቬክ (የሚያድግ ዝርዝር) አለ። ፋንክሽኖቹ ሁሉ ፓርሰሩን የሚይዙት በጋራ ሬፈረንስ ስለሆነ ቬኩ የተቀመጠው ሬፍሴል (በጋራ ሬፈረንስም መለወጥ የሚያስችል፣ ማን እንደያዘው ግን ፕሮግራሙ ሲሮጥ የሚቆጣጠር ሳጥን) ውስጥ ነው። ችግሩ፣ አንዱ ፋንክሽን በ«ቦሮው_ሚዩት» (ለመለወጥ ተውሶ) ይዞት ሳለ ሌላውን ይጠራል፤ ያኛውም «ቦሮው_ሚዩት» ይላል፤ ፕሮግራሙ በፓኒክ ይወድቃል።

ሬፍሴልን በሴል (ይህ ቁጥጥር በሌለው ሳጥን) ለውጬ «ዊዝ_ሚዩት» የሚባል ሜተድ ልጨምርበት አሰብኩ። ክሎዠር (እንደ ዋጋ የሚተላለፍ ትንሽ ፋንክሽን) ይቀበልና የውስጡን ሚዩተብል (መለወጥ የሚያስችል) ሬፈረንስ ይሰጠዋል። በቀጥታ «ኢምፕል ሴል» ስጽፍ ኮምፓይለሩ በኢ0116 መለሰኝ። በራሴ ትሬት (ታይፕ ላይ ሜተድ የሚጨመርበት መንገድ) በኩል ሳደርገው ግን («አዝ_ፒቲአር» እና አንድ መስመር አንሴፍ፣ ማለትም ኮምፓይለሩ ደህንነቱን የማያረጋግጠው ኮድ፣ ነው ያለው) ያለ ቅሬታ አለፈ። ሴል እንደሆነ «ሲንክ» አይደለም፣ ሁለት ትሬድ ሊጋራው አይችልም። ታዲያ ማን ይጎዳዋል? በረስት 1.88 የመጣው «አፕዴት»ስ ይህንኑ አይደል የሚያደርገው?

ድርና_ማግ፦
ኢ0116 ቀላሉ ነው። የሌላ ክሬት (የረስት ፓኬጅ) ታይፕ ላይ በቀጥታ ሜተድ መጻፍ አይፈቀድም፤ መንገዱ አንተ እንዳደረግከው የራስ ትሬት ነው። አንሴፉ ግን ስህተት ነው፣ አጥፋው። ለጉዳት ሁለት ትሬድ አያስፈልግም፣ አንዱ ይበቃል።

እንዲህ አስበው። ቬኩ 4 ቦታ አለው፣ 4ቱም ሞልተዋል። የመጀመሪያው ክሎዠር ቬኩን ተቀብሎ የአንደኛውን መልእክት ሬፈረንስ ያዘ። ይኸው ክሎዠር ሴሉንም በጎን ያውቀዋል፣ ጋራ ሬፈረንስ ስለሆነ የሚከለክለው የለም። እንደገና «ዊዝ_ሚዩት» ብሎ አምስተኛ መልእክት ፑሽ አደረገ። ቬኩ ቦታ ስለጠበበው ሰፋ ያለ ሜሞሪ ጠይቆ ዕቃውን ሊያዛውር ይችላል፤ ካዛወረ አሮጌው ይለቀቃል፣ ያ መጀመሪያ የተያዘው ሬፈረንስም የተለቀቀ ሜሞሪ ላይ አፍጥጦ ይቀራል። ቬኩ ባይዛወር እንኳ ነጻ አትወጣም። ሁለት ሚዩተብል ሬፈረንስ በአንድ ጊዜ አንድ ዕቃ ላይ ከኖሩ በራሱ ያልተገለጸ ባህሪ (ውጤቱ ምንም ሊሆን የሚችል) ነው፤ ኮምፓይለሩ «ይህን ሌላ ማንም አይነካውም» ብሎ ለኤልኤልቪኤም (የማሽን ኮዱን ለሚያመነጨው ክፍል) ነግሮ ኮዱን ያመቻቸዋልና።

ሴል የቆመው በአንድ ውል ነው፦ በጋራ ሬፈረንስ በኩል የውስጡ ሬፈረንስ ለማንም አይሰጥም። ዕቃው ሙሉውን ይገባል፣ ሙሉውን ይወጣል። («ጌት_ሚዩት» የሚፈቀደው የሴሉን የራሱን ሚዩተብል ሬፈረንስ ስለሚጠይቅ ነው።) «ጌት» ኮፒ የሆነ ታይፕ ብቻ የሚቀበለውም ለዚሁ ነው። «ክሎን ቢሆንስ?» የሚል ይኖራል። ክሎን ሰው የጻፈው ኮድ ነው። የክሎን ኮዱ ራሱ ወደ ሴሉ ተመልሶ ገብቶ፣ እየተቀዳ ያለውን ዕቃ ከሥሩ ሊያወጣውና ሊያጠፋው ይችላል። ኮፒ ግን ቢት መገልበጥ ብቻ ነው፣ በመሃል የማንም ኮድ አይሮጥም።

«አፕዴት»ም ሬፈረንስ አይሰጥም። ኮፒውን አውጥቶ ለክሎዠሩ ይሰጣል፣ ክሎዠሩ የመለሰውን መልሶ ያስገባል። ቬክ ኮፒ ስላልሆነ አይሠራልህም።

ኮረሪማ፦
ላይ የተባለው ልክ ነው። ያለ አንሴፍ የሚሠራው ትሬት ይኸውና፣ ታይፑ ዲፎልት (መነሻ ዋጋ) ካለው፦ በ«ቴክ» ዕቃውን አውጣ (ሴሉ ውስጥ ባዶ ቬክ ይቀራል)፣ የወጣውን በሚዩተብል ሬፈረንስ ለክሎዠሩ ስጥ፣ ሲጨርስ በ«ሴት» መልስ (ሜተዱን ማለቴ ነው)። ቦሮውን «ብድር» ከማለት «ውሰት» የሚለው የሚሻለው እዚህ ላይ ነው። የተበደሩት ብር በሌላ ብር ይመለሳል፤ የተዋሱት ድስት ግን ራሱ ድስቱ ነው የሚመለሰው።

ዋጋው ለቬክ ኢምንት ነው። በ64 ቢት ማሽን 24 ባይት ይወጣል፣ 24 ባይት ይገባል፤ ባዶ ቬክ ሜሞሪ አይጠይቅም። ስትሪንግም እንዲሁ። ቦክስ እና አርሲ (ዕቃቸውን በተለየ ሜሞሪ የሚያስቀምጡ ታይፖች) ላይ ግን ተጠንቀቅ፣ ዲፎልታቸው ራሱ አዲስ ሜሞሪ ይጠይቃል። እነሱን ኦፕሽን ውስጥ አድርጋቸው፣ ዲፎልቱ «ነን» (ምንም የለም) ይሆናል።

የሚበላሽባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው ፓኒክ ነው። ክሎዠሩ መሃል ላይ ፓኒክ ካደረገ የወጣው ቬክ አብሮ ይጠፋል፣ ሴሉ ባዶውን ይቀራል። ለዚህ ትንሽ ስትራክት ሥራ፤ የሴሉን ሬፈረንስና የወጣውን ዕቃ ይያዝ፣ በ«ድሮፕ»ው (ስትራክቱ ሲያበቃ በራሱ በሚሮጠው ኮድ) ውስጥ ዕቃውን ይመልስ። ፓኒክም ቢመጣ ድሮፑ ይሮጣል።

ሁለተኛው ያንተኑ ጉዳይ የሚመለከተው ነው። የውጭው ክሎዠር ቬኩን አውጥቶ ሳለ የውስጡ ከመጣ የሚያገኘው ባዶውን ነው። መልእክቱን እዚያ ላይ ይጽፋል፤ ከዚያ የውጭው የራሱን ቬክ ሲመልስ የውስጡን ይደመስሰዋል። ፓኒክ የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም፣ አንድ የስህተት መልእክት ግን ጠፍቷል። እንዲህ ከሚሆን የሬፍሴል ፓኒክ መቶ ጊዜ ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ ይጮኻል። ስትመልስ በ«ሴት» ፈንታ በ«ሪፕሌስ» መልስና የወጣው ባዶ መሆኑን በ«ዲበግ_አሰርት» አረጋግጥ።

እውነቱን ለመናገር ግን አንተ ክሎዠር አያስፈልግህም። የምትፈልገው መልእክት መጨመር ብቻ ነው። ትሬትህ «ፑሽ» የሚል አንድ ሜተድ ይኑረው፦ ቴክ፣ ፑሽ፣ ሴት። በመሃል የጠሪው ኮድ ስለማይሮጥ መደራረብ የሚባል ነገር አይመጣም። ሲያበቃ ሁሉንም በአንድ «ቴክ» አውጥተህ ታትማለህ።

ሰንሰለት7፦
ስለ ስሙ አንድ ነገር። ትሬት ላይ «አፕዴት» ብለህ እንዳትሰይም። የታይፑ የራሱ ሜተድና የትሬት ሜተድ በስም ከተጋጩ ረስት የታይፑን ይመርጣል። የሴል «አፕዴት» ከ2018 ጀምሮ ናይትሊ (የረስት የሙከራ ቅጂ) ላይ ሲኖር አዲሱን ዋጋ ይመልስ ነበር፤ በ2025 በ1.88 ስቴብል (የመደበኛው ቅጂ አካል) ሲሆን ምንም አይመልስም። በራሱ ትሬት ዋጋ የሚመልስ «አፕዴት» የነበረው ሰው 1.88 ላይ የታይፕ ስህተት ያገኛል፤ የተመለሰውን የማይጠቀም ከነበረ ደግሞ ሳያውቀው ወደ ሌላኛው ሜተድ ተዛውሯል። «አንስቴብል_ኔም_ኮሊዥንስ» የሚለው ሊንት (የኮምፓይለር ማስጠንቀቂያ) ቀድሞ የሚያስጠነቅቀው ይህንኑ ነውና በ«አላው» አታፍነው።

ሜተዱ ለሁሉም ይጠቅማል ብለህ ካመንክ፣ ኮድ ከመላክህ በፊት ኤሲፒ የሚባለውን የለውጥ ሐሳብ ለላይብረሪ ቡድኑ አቅርብ። ተቀባይነት ካገኘ በፊቸር ጌት (ፈልጎ ለሚከፍተው ብቻ በሚሠራ መዝጊያ) ሥር ናይትሊ ላይ ይወጣል፤ ለስቴብል ደግሞ የ10 ቀን የመጨረሻ አስተያየት ጊዜ አለው። አትቸኩል፣ «አፕዴት» ራሱ 7 ዓመት ፈጅቶበታል።

ዝግባ፦
ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። ወደ «ፑሽ» እሄዳለሁ። የአንሴፉ ቅጂ መበላሸቱን በዓይን የሚያሳይ ቴስት መጻፍ ይቻላል? ለቡድኑ ማሳየት እፈልጋለሁ።

ድርና_ማግ፦
ሚሪ (ያልተገለጸ ባህሪን የሚያጋልጥ መሣሪያ) አለልህ። ናይትሊ ላይ በረስታፕ (በረስት መጫኛው) «ሚሪ» የሚለውን ኮምፖነንት ጨምርና «ካርጎ ሚሪ ቴስት» በል። ቴስቱ ውስጥ ቬኩን ርዝመቱ ከካፓሲቲው እኩል እስኪሆን ሙላው፤ በውጭው ክሎዠር የአንደኛውን መልእክት ሬፈረንስ ያዝ፤ በውስጡ ፑሽ አድርግ፤ ከዚያ የያዝከውን አንብብ። ማንበቡን አትርሳ፣ አሮጌው ሬፈረንስ ከዚያ በኋላ ሥራ ላይ ካልዋለ ሚሪ ላይጮኽ ይችላል። በተራው «ካርጎ ቴስት» ስታሮጠው ምንም ያልሆነ መስሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አሳያቸው።