ክርክር፦ የእሳት አደጋና የወታደር አፕ ይከፈት ወይስ ይቆለፍ?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው ጥያቄ የአሜሪካ ነው፤ እዚያ አምቡላንስና እሳት አደጋ ላይ የምትሠሩ ስላላችሁ አመጣሁት። አታክ የሚባል የስልክ ካርታ አለ። የአየር ኃይሉ ምርምር ላቦራቶሪ ለወታደር ነበር የጀመረው። በ2020 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) የሲቪሉ ቅጂ ለሕዝብ ተለቀቀ። ባልደረባህ የት እንዳለ ታያለህ፤ የጎደለህን ደግሞ በፕለጊን (አፑ ላይ በሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም) ትጨምራለህ። ሜዳ ላይ ያለው ሰው እንደ ሥራው ቢለዋውጠው ይሻላል ወይስ ከላይ ተቆልፎ ቢሰጠው?

ሄኖክ (ዴንቨር)፦ ይለዋወጥ እንጂ! ሰደድ እሳት የሚያጠፋው ሰው የእሳቱን ጠርዝ ማየት ይፈልጋል። አምቡላንሱ ሄሊኮፕተር የሚያርፍበትን ሜዳ ይፈልጋል። ሁለቱን በአንድ ስክሪን ልታስደስት አትችልም። እዚህ ኮሎራዶ አውሮፕላን ሙቀት በሚያይ ኢንፍራሬድ ካሜራ ጠርዙን ያነሳል፣ መሬት ያለው ቡድን ስልኩ ላይ ያየዋል። በራዲዮ ብቻ ሲሆን እኮ «ከትልቁ ዛፍ በስተግራ» ነው የምትባለው። ጫካ ውስጥ ትልቁ ዛፍ የቱ ነው?

ቤዛ፦ ሄኒ፣ የባሕር ኃይሉን ጉድ ረሳኸው? ኪልስዊችና አፓስ የሚባሉ ሁለት የካርታ አፖች ነበሩ። ለልምምድ እንጂ ለውጊያ አልተፈቀዱም። ወታደሩ ግን ስለወደዳቸው ውጊያ ላይም ተጠቀመባቸው። በ2018 የወጣው የባሕር ኃይሉ ተቆጣጣሪ ቢሮ ሪፖርት የደኅንነት ክፍተት እንዳለባቸው አረጋገጠ። ወታደር ወደደው ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም።

ጋሽ ተፈራ፦ ልጆች፣ ተከፈተ ተቆለፈ ትላላችሁ፤ ኔትወርኩስ? በዚያው በ2018 ካሊፎርኒያ በሜንዶሲኖ ሲነድ የሳንታ ክላራ እሳት አደጋ የማስተባበሪያ መኪና ኢንተርኔት ተቀነሰበት። ኮታህን ጨርሰሃል ተብሎ! የስልክ ኩባንያው ቬራይዘን ኋላ ጥፋቱን አምኗል። እሳት ኮታ ይጠብቃል እንዴ?

ሄኖክ፦ ልክ ነዎት ጋሼ። ካርታው ግን ቀድሞ ይወርዳል፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ትንሽ ራዲዮ ከስልኩ ጋር ካገናኙ የጓዶችዎን ቦታም ያያሉ። የአውሮፕላኑ ምስል ግን ኔትወርክ ከሌለ አይመጣም፤ እሱን አልክድም።

ማህሌት፦ እኔ ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ ሁለት ነገር እየተምታታባችሁ ነው። ምልክት መጨመር፣ ካርታ መቀየር፣ የማያስፈልገውን መደበቅ የሜዳው ሰው መብት ይሁን፤ ማንንም አይጎዳም። ፕለጊን ግን አፑ ሆድ ውስጥ የሚገባ ሌላ ፕሮግራም ነው። አፑ የሚያየውን ሁሉ ያያል፣ የቆምክበትን ጭምር። ለዚህ ነው የሚለቀቀው ቅጂ ዲጂታል ፊርማ (ማን እንዳሳለፈው የሚያሳይ ምልክት) የሌለውን ፕለጊን የማይጭነው።

ቤዛ፦ ማሂዬ፣ ፊርማው ማን እንዳሳለፈው ነው የሚነግረኝ። መረጃዬ የት እንደሚሄድ አይነግረኝም። ስትራቫን፣ የሩጫ መመዝገቢያ አፑን፣ ማን ጠለፈው? ማንም! ወታደሮች ለስፖርት ሮጡ፣ አፑ የሯጮችን መስመር በካርታ አወጣ፣ በረሃ ውስጥ ያሉ ካምፖች ቁልጭ ብለው ታዩ።

ማህሌት፦ እሱማ ትክክል። ስትራቫ ላይ ግን ያጋለጣቸው ሳይነካካ የመጣው ሴቲንግ ነው። እንደመጣ ብትቆልፊው ይብስ ነበር።

ሄኖክ፦ እኔ የሚጨንቀኝ ሌላ ነው። ማታ ነፋሱ ዞረ እንበል፤ ከጎረቤት ካውንቲ የመጣው ቡድን የሚጠቀምበት ፕለጊን እኔ ስልክ ላይ የለም። ፈራሚው ቢሮ ተኝቷል። ምን ላድርግ?

ማህሌት፦ ያን ማታ አትጭንም። የጋራ የሆነው ፕለጊን እሳቱ ወቅት ሳይገባ ተፈትሾ፣ ተፈርሞ፣ የሁሉም ስልክ ላይ መጫን አለበት። ይኼ የአለቆች ሥራ ነው።

ጋሽ ተፈራ፦ ፓወር ባንክም ጨምሩበት!