ከእናቴ ጋር ሜልበርን፦ ፔንግዊን ወይስ ግሬት ኦሽን ሮድ?

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ሲድኒ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታለች። ዓርብ ማታ ሜልበርን ገብተን እሑድ ማታ እንመለሳለን። የቅዳሜው ነገር ግን ግራ አጋብቶኛል።

ባለቤቴ ግሬት ኦሽን ሮድ ካልሄድን ብሎ ሙጭጭ ብሏል። መንገዱ ውብ ነው፣ አልክድም። ግን በባሕሩ ዳርቻ ታጥፎ ታጥፎ አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት የሚባሉት ቋጥኞች ጋ ለመድረስ መሄጃው ብቻ ወደ 4 ሰዓት ይፈጃል። እናቴ ደግሞ ጉልበቷን ያማታል፤ መኪና ውስጥ ትንሽ ከቆየች ወርዳ እግሯን ማፍታታት አለባት።

እኔ ያሰብኩት ፊሊፕ ደሴትን ነው። መንገዱ ወደ 2 ሰዓት ነው። ትንንሾቹ ፔንግዊኖች ጀምበር ስትጠልቅ ከባሕር ወጥተው ወደ ጎጇቸው ሲያዘግሙ ቁጭ ብሎ ማየት ነው። ችግሩ ብርዱና የማታው መልስ ጉዞ። (ጋቢዋን እንደማትረሳ ግን እርግጠኛ ነኝ።)

እሑድ ቀላል ነው፦ ኩዊን ቪክቶሪያ ገበያ፣ ከዚያ ፉትስክሬይ የአበሻ ምሳ። መሃል ከተማ ትራሙ ነፃ ስለሆነ የምናድረውም እዚያው ነው።

ትልቅ ሰው ይዛችሁ ፊሊፕ ደሴት የሄዳችሁ፣ ከመኪና ማቆሚያው እስከ መቀመጫው የእግር መንገዱ ይበዛል? ደረጃስ አለው? ወይስ ቅዳሜ እዚያው ማደር ይሻላል? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፤ ባለቤቴ መኪና ሊከራይ እያኮበኮበ ነው።