ጥቆማ፦ ቀጭኑ 4070 ወይስ ወፍራሙ 4060? ግራፊክስና ሙቀት ሲመዘኑ

ጥያቄ፦ ለብሌንደር (የስሪዲ ምስል መሥሪያ ፕሮግራም) እና ለቪዲዮ ኤዲቲንግ፣ አልፎ አልፎም ለጌም የሚሆን ላፕቶፕ ልገዛ ነው። ሁለት ላይ ቆሜያለሁ። አንዱ ቀጭንና ቀላል ሆኖ አርቲኤክስ 4070 የተባለ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ አለው። ሌላው ወፈር ያለ፣ 2.5 ኪሎ የሚመዝን፣ አርቲኤክስ 4060 ነው። ቀጭኑ ይግላል ይሉኛል። ሙቀቱን ችዬ 4070ውን ልውሰድ?

መልስ፦ የካርዱን ስም ለጊዜው ተወውና ዋቱን ጠይቅ። ኤንቪዲያ ለላፕቶፕ 4070 የፈቀደው ኃይል ከ35 እስከ 115 ዋት ነው፤ ለ4060ም እንደዚያው። ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲቀልለት የሚተርፈው እስከ 25 ዋት ሊጨመርበት ይችላል፤ ማስታወቂያ ላይ የምታየው 140 ዋት ከዚህ የመጣ ነው። በዚህ ክልል ውስጥ ስንት እንደሚሰጠው የሚወስነው ላፕቶፑን የሠራው ድርጅት ነው፤ እሱም የሚሰጠው ፋኑና የሙቀት ቱቦው ሊያስወጡ የሚችሉትን ያህል ብቻ ነው።

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስልህ። በዴል ኤክስፒኤስ 15 (9530) ውስጥ ያለው 4070 ከ60 ዋት በታች ነው የሚሠራው። በሌኖቮ ሌጂዮን ፕሮ 5 ውስጥ ያለው እስከ 140 ይደርሳል። ስሙ አንድ ነው፣ ጉልበቱ ግን ሌላ። ስለዚህ 100 ዋት የሚያገኝ 4060፣ 50 ወይም 60 ዋት ላይ የታሰረን 4070 ይደርስበታል፤ አንዳንዴም ይቀድመዋል።

እኩል ዋት ካገኙ ግን 4070 ይሻላል። 4,608 ኩዳ ኮር (በካርዱ ውስጥ ስሌቱን የሚሠሩ ክፍሎች) አለው፣ 4060 ደግሞ 3,072፤ ብዙ ኮር በዝግታ ሲሠራ ለዚያው ውጤት የሚበላው ኃይል ያንሳል። በሜሞሪ ግን አይበላለጡም፣ ሁለቱም 8 ጊጋ ናቸው። የብሌንደር ሥራህ ከ8 ጊጋ የሚያልፍ ከሆነ 4070 አያድንህም፤ 12 ጊጋ ያለው 4080 ነው የሚያስፈልግህ። ደግሞም 4060 ከ100 ዋት በላይ ብዙም አይጨምርም፤ የቮልቴጅ ጣሪያው ቀድሞ ይይዘዋል። «140 ዋት 4060» ተብሎ ዋጋ ሲጨመርብህ አትክፈል።

ዋቱን ለማወቅ የአምራቹን ገጽ በትንንሹ የተጻፈውን ሁሉ አንብብ፤ «ቲጂፒ» (ለግራፊክሱ የተፈቀደው ኃይል) የሚለውን ፈልግ። ማሽኑ እጅህ ላይ ካለ የኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነልን ክፈትና ከታች በግራ ጥግ ያለውን «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ተጫን፤ ከፍተኛው የግራፊክስ ኃይል እዚያ ተጽፏል። ቁጥሩን የደበቀ ሻጭ ካጋጠመህ ብዙውን ጊዜ የሚደበቅ ነገር ስላለው ነው።

ሌላ መልስ፦ ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ ግን ሁለት ነገሮች እንዳይደባለቁ። ኃይሉ በዲዛይን 60 ዋት ላይ የተገደበ ካርድ ስሮትል አደረገ (ከሙቀት የተነሳ ፍጥነቱን ቀነሰ) አይባልም፤ ከመጀመሪያው የተሰጠው ያ ነው፣ ፍጥነቱም ዝቅ ብሎ ይጸናል። ስሮትል የምንለው 100 ዋት ጀምሮ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሙቀቱ አስገድዶት 70 ላይ የሚወርደውን ነው። የሚያናድደው ይሄኛው ነው፤ ፍሬሙ (በሴኮንድ የሚታየው የምስል ብዛት) ከፍ ዝቅ ይላልና።

ዲግሪ ብቻ አይተህም አትደንግጥ። ፕሮሰሰሩ 95 ወይም 97 ዲግሪ ቢያሳይ ማሽኑ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ገደባቸው 100 ነው። ግራፊክሱ ግን 87 አካባቢ ሲደርስ ፍጥነቱን መቀነስ ይጀምራል።

የሚፈተነው እንዲህ ነው። ዋናውን ቻርጀር ሰካ፣ የላፕቶፑን ሞድ ከፍተኛው ላይ አድርግ፣ ጂፒዩ-ዚ የተባለውን የካርድ መከታተያ ፕሮግራም ከፍተህ ወደ ፋይል እንዲመዘግብ እዘዘው፣ ከዚያ ከባድ ጌም ወይም የብሌንደር ሬንደር (የተሠራውን ትዕይንት አስልቶ ወደ ምስል መቀየር) 30 ደቂቃ አሂድ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች እርሳቸው፤ ብረቱ ገና አልጋለም። የመጨረሻዎቹን አስር ተመልከት። ፍጥነቱ 2,200 ሜጋኸርዝ አካባቢ ቀጥ ብሎ ከቆየ ጥሩ ነው። 2,300 ደርሶ ወደ 1,600 ወርዶ እንደገና የሚወጣ፣ የመጋዝ ጥርስ የመሰለ መስመር ካየህ ማቀዝቀዣው አልቻለውም። «ፐርፍካፕ ሪዝን» የሚለው መስመር ምክንያቱን ይነግርሃል፦ ኃይል ነው ወይስ ሙቀት። ስሪዲማርክ የተባለው መፈተኛ ፕሮግራም ካለህ የስትረስ ቴስቱ 20 ዙር ይሮጣል፤ ከ97 በመቶ በታች ካመጣ ወድቋል። ፈርማርክ የተባለውን ሌላ መፈተኛ ለዚህ አልመክርም፤ እውነተኛ ሥራ የማይፈጥረውን ጫና ነው የሚፈጥረው።

ጠያቂው፦ ቀጭኑን ወስጄ ከስሩ ማቀዝቀዣ ባደርግለትስ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት የኋላውን ጎን 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ከፍ አድርግ። አየር የሚስበው ከሆዱ ስለሆነ አብዛኛው ጥቅም እዚያ አለ። ርካሹ ባለ ፋን ማስቀመጫ ከዚህ ብዙም አይጨምርም። ዙሪያውን በስፖንጅ ዘግቶ በኃይል የሚነፋው ዓይነት ይሠራል፣ ጩኸቱ ግን አያስቀምጥም።

ከዚያ ፕሮሰሰሩን ግታው። ቀጫጭኖቹ ላይ ፕሮሰሰርና ግራፊክስ አንድ የሙቀት ቱቦ ይጋራሉ፤ አንዱ ሲግል የሌላው ድርሻ ይቀንሳል። ኤችኤክስ የሚል ፊደል ያለው የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ ኢንቴል ለአጭር ጊዜ እስከ 157 ዋት ይስባል፤ ቀጭን ሰውነት ውስጥ ይህ እብደት ነው። በዊንዶውስ የኃይል ቅንብር ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን ከ100 ወደ 99 በመቶ አውርደው፤ ተርቦው (ፕሮሰሰሩ ለጊዜው ከመደበኛው በላይ የሚፈጥንበት) ይጠፋል፣ ሙቀቱም ወዲያው ይወርዳል። ካርዱን ለሚያስጨንቅ ጌም ብዙም አይታወቅም፤ ፕሮሰሰር ለሚበላ ጌምና ለኮድ ኮምፓይል ግን ያጎትታል።

ግራፊክሱን አንደርቮልት ማድረግ (በዝቅተኛ ቮልቴጅ ማሠራት) ከፈለግህ በኤምኤስአይ አፍተርበርነር፣ ማለትም በካርድ ማስተካከያው ፕሮግራም፣ ኮንትሮልና ኤፍ ተጫን፣ የቮልቴጅና የፍጥነት ኩርባው ይከፈታል። 900 ሚሊቮልት ላይ ያለችውን ነጥብ ካርዱ በጫና ወደሚሮጥበት ፍጥነት አንሳት፣ ከሷ በስተቀኝ ያለውን በሙሉ ጠፍጣፋ አድርገህ አጽድቅ። ከጸና 25 ሚሊቮልት እየቀነስክ ውረድ። ጌሙ ከተዘጋ ወይም ስክሪኑ ጠፍቶ ከተመለሰ አንድ እርምጃ መልስ። 60 ዋት ላይ ለታሰረ ካርድ ግን 900 ምንም አይለውጥም፤ እሱ ድሮም ከዚያ በታች ነው የሚሠራው።

ሌላ መልስ፦ ቀጭኑን ሁሉ አታጥላሉት። ኤዲቲንግ በአብዛኛው አጭር አጭር ጫና ነው፣ ኤክስፖርት ሲደረግም ሥራውን የሚሠራው ብዙ ኃይል የማይበላው ኤንኮደር፣ ማለትም ካርዱ ውስጥ ያለው ቪዲዮ መጭመቂያ ክፍል ነው። ማሽኑን የሚገድለው ሰዓታት የሚፈጅ የሳይክልስ (የብሌንደር ሬንደር ማድረጊያ) ሬንደር ነው። በሳምንት አንዴ ብቻ የምትሬንደር ከሆነ ቀጭኑ ይበቃሃል፤ በየቀኑ ከሆነ ወፍራሙን ውሰድ፣ ክርክርም አያስፈልገውም። ፋን የሌለው ማክቡክ ኤር ለረጅም ሬንደር አይታሰብ፤ ፋን ያለውን ፕሮ እንጂ።

ቻርጀሩንም እይ። 4060 በሙሉ ጉልበቱ ከነፕሮሰሰሩ ሲሠራ 230 ዋት አካባቢ ያለው ቻርጀር ይፈልጋል። በ100 ዋት ዩኤስቢ-ሲ ከሰካኸው ራሱን ይገታል፤ በባትሪ ብቻ ደግሞ የከፈልክበትን ካርድ አታገኘውም። ይህን ሳያዩ «ይሞቃል፣ ይዘገያል» የሚሉ ብዙ ናቸው።

ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ ሙቀቱ ሳይታሰብ ከጨመረ መጀመሪያ የፋኑን አቧራ አስጠርግ። ካልተሻለው ፔስቱ (ሙቀቱን ከቺፑ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈው ቅባት) ከቺፑ ላይ ወደ ዳር ተገፍቷል ማለት ነው፤ በፒቲኤም7950 ይተካ። ሲሞቅ የሚለሰልስ ሉህ ስለሆነ እንደ ተራው ፔስት ቶሎ አይሸሽም። በፔስት ፋንታ ሊኩዊድ ሜታል (ፈሳሽ ብረት) ያለበትን ማሽን ግን ለማያውቀው ሰው አታስከፍት፤ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ አሉሚኒየምም ይበላል።

ከሁለቱ አንዱን ከወሰድክ ደግሞ የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ ያንን የ30 ደቂቃ ፈተና አሂድና የመዘገብከውን ፋይል አስቀምጥ፤ ሻጩ ጋር ስትሄድ ከ«ይግላል» ይልቅ እሱ ይሰማል።