የመኪናዬ የሞተር ዘይት መብራት በራብኝ፤ ደብረ ሲና ላይ ቆሜያለሁ፣ እርዱኝ

የይፋት ሾፌር፦
ሰላም ወንድሞች። ከሸዋ ሮቢት ቲማቲም ጭኜ ወደ ደብረ ብርሃን እየወጣሁ፣ ደብረ ሲና ልገባ ስል የዘይት መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ስቆም ጭራሽ በራ። እዚህ ያገኘሁት መካኒክ «ዘይቱን የሚገፋው ኦይል ፓምፕ ሞቷል፣ ይቀየር» አለኝ። ፓምፕ ከየት ላምጣ? ቀስ እያልኩ ደብረ ብርሃን ብደርስስ? ጭነቱ እየተበላሸብኝ ነው፣ ቶሎ በሉ!

ናፍታው፦
ዘይት ጨምርበት። የኔ ሊትር ስጨምርለት ጠፋ።

ጋሽ ብሎን፦
ልጄ፣ መጀመሪያ ሞተሩን አጥፋ። የነዳጅ መብራት ሲበራ ማደያ እስክትደርስ ትነዳለህ፤ የዘይቱ ሲበራ ግን እዚያው ነው የምትቆመው። የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ክራንክ ሻፍቱ፣ በሚይዘው ቅርፊት፣ ብሮንዚናው ላይ የሚሽከረከረው በስስ የዘይት ሽፋን ነው። ግፊቱ ሲወርድ ሽፋኑ ይሳሳና ብረት ከብረት ይፋተጋል። ደብረ ብርሃን ገና 60 ኪሎ ሜትር አለህ። የጣርማ በር ዋሻ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጭነት ይዘህ ያን ዳገት ስትወጣ ሞተሩ ነክሶ ከቆመብህ የቲማቲሙን ብር እርሳው። ይልቅ ንገረን፤ መኪናው ምንድን ነው? ዘይቱስ በመለኪያው ስንት ላይ ነው? መብራቱ የሚበራው በሚኒሞ ብቻ ነው ወይስ ነዳጅ ስትሰጠውም? የሚያንኳኳ ድምፅ አለ?

የይፋት ሾፌር፦
እሺ ጋሼ፣ አጥፍቼዋለሁ። የቆየ ናፍታ ፒክአፕ ነው። ዘይቱ አልጎደለም፣ እንዲያውም ከላይኛው ምልክት አልፏል። በሚኒሞ ነው የሚበራው፤ ነዳጅ ስሰጠው ይጠፋል። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ምንም አልነበረም። ድምፅ አልሰማሁም።

ናፍታው፦
ጨምርበት እንጂ! ዳገት ላይ ዘይቱ ወደ ኋላ ይሸሻል።

የመንዝ በርኖስ፦
ከምልክቱ አልፏል እያለህ የት ይጨምረው? ወንድሜ፣ ቲማቲሙን እዚያው ቸርችረው፤ ደብረ ሲና ዛሬ ስልስ በስልስ ይሁን። ፓምፑን ግን አትግዛ። ሞቶ ቢሆን ጠዋትም መብራቱ ባልጠፋ ነበር።

ጋሽ ብሎን፦
ያረጀ ፓምፕም ሲሞቅ እንዲህ ያደርጋል፣ በርኖስ። ያለቀ ብሮንዚናም እንደዚያው። ሳይለኩ መፍረድ አይቻልም።

ጋራዥ ልጅ፦
ሳትጨምር ዘይቱ ከምልክት በላይ ከሆነ አንድ ነገር ገብቶበታል። መለኪያውን አውጣና አሽተው። ናፍታ ከሸተተህ ናፍታ የሚረጨው ኢንጀክተር እያንጠባጠበ ነው፤ በአንዳንድ ሞተር ደግሞ ከኢንጀክሽን ፓምፑ ይገባል። ናፍታ ዘይቱን ያቀጥነዋል፣ ሲሞቅ ደግሞ ይብስበታል። ማኪያቶ ከመሰለ ውኃ ነው፤ በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮኑ፣ ይታይ።
ቀጥሎ የዘይት ሴንሰሩን አስፈታና በቦታው የግፊት ጌጅ ይታሰር። ሞተሩ ሞቆ ነው የሚለካው። መብራቱ በብዙ መኪና የሚበራው ግፊቱ ግማሽ ባር አካባቢ ሲወርድ ነው። መካኒኮች ለእያንዳንዱ 1,000 የሞተር ዙር በደቂቃ 0.7 ባር ያህል ይጠብቃሉ። ጌጁ ደህና ካሳየ ሴንሰሩ ወይም ሽቦው ነው፣ እሱ ቀላል ነው። ከወረደ ግን ዘይቱና ፊልትሮው ተቀይሮ እንደገና ይለካ። ያኔም ካልተስተካከለ ከሥር ያለው የዘይት መያዣ፣ ኮፓው፣ ይውረድ፤ የመምጠጫው ወንፊት በአተላ ተደፍኖ ይሆናል። ብሮንዚናውንም ያኔ ታያለህ። ግፊቱን ያልለካ ሰው ፓምፕ አይግዛ።

የይፋት ሾፌር፦
አሸተትኩት። ናፍታ ናፍታ ይላል፤ በጣቴ ሳሸው ልክ እንደ ውኃ ነው። ጭነቱን አንድ አይሱዙ ላይ እያዛወርኩ ነው። ዘይት ቀይሬ ልነሳ?

ጋራዥ ልጅ፦
አይሆንም። ኢንጀክተሩ ሳይፈተሽ አዲሱም ዘይት ይቀጥናል። አስጎትተው።

አዲስ ሚኒባስ፦
እኔም ልጠይቅ፤ የኔ ጠዋት ሳስነሳው መብራቱ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚጠፋው። ያሳስባል?

ጋሽ ብሎን፦
በሁለት ሦስት ሴኮንድ ከጠፋ ደህና ነው። ከዚያ በላይ ከቆየ ፊልትሮህን እይ፤ ርካሹ ፊልትሮ ሲያድር ዘይቱን ወደ ኮፓ ይመልሰዋል።